አዛውንት በባዶ ስም አይጠራም

ኩኦፒዮ፣ ፊንላንድ
ጥቅምት 28 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘኪያ፣
ሐርጌሳ፣ ኮድቡር

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ጤናዎን፣ ዓይንዎን፣ የስፌት መኪናዎንም ጭምር ይጠብቅልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎት ኒምኮ ናት። ሄልሲንኪ የምትኖር ሶማሌ፣ የሐርጌሳ ልጅ ነች፤ እናቷን ልትጠይቅ ወደዚያ ትመጣለች። ለምን አትደውይም እንዳይሉኝ። ስደውል ሱቅዎ ውስጥ ያለው ደንበኛ ሁሉ ተራ በተራ ሰላም ሲለኝ ካርዱ ያልቅና ከእርስዎ ጋር ሳላወራ እቀራለሁ።

እንደሚያውቁት የነርስነት ትምህርቴ በእንግሊዝኛ ነው። የሥራ ልምምዱ ግን በፊንላንድኛ ነው፤ ታማሚው እንግሊዝኛ አይችልማ! ከዚህ ወር ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ የአረጋውያን መጦሪያ እየሄድኩ እሠራለሁ። አሥራ አራት አዛውንት አሉን። እናጥባለን፣ እናለብሳለን፣ እናበላለን። ከዚያ ተረኞቹ ሲቀያየሩ፣ የወጣው ለገባው ማን እንዴት እንደዋለ በቃሉ ይናገራል። ይህን ‹ራፖርቲ› ይሉታል።

እትዬ፣ ክፍል ውስጥ የተማርኩት ፊንላንድኛና እነዚህ ሰዎች የሚያወሩት ገና አልተዋወቁም። መጽሐፌ ላይ ሰው ሁሉ ‹ይቅርታ፣ ባቡር ጣቢያው የት ነው?› እያለ ይጠይቃል። እዚህ ባቡር የሚጠይቀኝ አንድም ሰው የለም። ‹ካልሲዬን ገልብጠሽ አጠለቅሽልኝ› ነው የሚሉኝ። በመጀመሪያው ቀን እንዴት አደራችሁ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ ብርዱ እንዴት ያደርጋችኋል የሚለውን ሁሉ ሸምድጄ ሄድኩ። እነሱ ‹ሁኦሜንታ› ብለውኝ አለፉ። ‹ጠዋት› እንደ ማለት ነው። አለቀ! የቀረው ሰላምታዬ አፌ ውስጥ ቀረ።

ፆሙ ቀላል ነው፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ትገባለች። አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምርልዎ። እዚህ ዶክተሩም፣ ዘጠና ዓመት የሞላቸው አባትም በስማቸው ብቻ ነው የሚጠሩት። ኃላፊዬም ‹ራይሊ በይኝ› ብለውኛል፤ እኔ ግን ለእርስዎ ስጽፍ እንኳ ወይዘሮ ራይሊ ካላልኩ ብዕሬ አይሄድልኝም።

ስለ ልምምዱ አያስቡ፣ ሁሉም መልካም ነው።

አክባሪዎ ሰልዋ


ሐርጌሳ፣ ኮድቡር
ኅዳር 22 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ካልሲ ገልባጯ ለሆንሽው ለልጄ ለሰልዋ፣

ወአለይኩሙሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ከብርድ፣ ከክፉ ዓይን፣ ከማይመለስ ሰላምታም ይጠብቅሽ። እንኳን ለዒዱ አደረሰሽ። ኒምኮ ደብዳቤሽን አምጥታልኛለች። እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! ሁለት መጋረጃ አዝዛኝ ሄደች።

እኛ ደህና ነን። ሥራው እንዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ እጄ ዝሏል። ከተማው እንደ አዲስ እየተሠራ ነው። ጦርነቱ ግድግዳ ብቻ ያስቀረለት ሰው ሁሉ ዘንድሮ ጣሪያ እያለበሰ ነው። ቆርቆሮው ሲቸነከር ጠዋት ተነስቼ ማታ እስክተኛ ጆሮዬ አያርፍም። ቤት ተሠራ ማለት ደግሞ መጋረጃ ተፈለገ ማለት ነው። ገና መስኮት ያልተገጠመለት ቤት መጋረጃ እንድለካለት ተጠርቼ ሄጃለሁ፣ ወላሂ! ‹መስኮቱ የታል?› ብላቸው ‹አንቺ ብቻ ስፊ፣ ይመጣል› አሉኝ። ሰፋሁ።

ስለዚህ መቀስ ላኪልኝ። ኒምኮ እንዳለችኝ እዚያ አገር ብርቱካናማ እጀታ ያለው፣ ጨርቅን እንደ ቅቤ የሚቆርጥ መቀስ አለ። የኔ ጥርሱ ረግፎ አሁን ጨርቁን ማኘክ ብቻ ነው ሥራው።

አሁን ወደ ራስሽ ልምጣ። የዘለልሽው ነገር አለ። ሰው ሁሉ በስሙ ይጠራል ብለሽ ሳቅሽና አለፍሽ። አንቺስ? አንቺ እነዚያን አዛውንት ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያቸው? ደሴ ሳለሽ የጎረቤታችንን ፍየል እንኳ ‹የእማማ ፍየል› ካላልሽ የማትጠሪ ልጅ ነበርሽ። የእናትሽ የአጎት ልጅ ነኝ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ፤ እዚህም አብረሽኝ ኖረሻል። መልሺልኝ።

እትዬሽ ዘኪያ


ኩኦፒዮ
ታኅሣሥ 24 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘኪያ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እኔ ደህና ነኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ። እዚህ በረዶው ጉልበት ይደርሳል። መቀሱን በዱባይ በኩል ከሚመጣ ሰው ጋር እልክልዎታለሁ።

ፊንላንድኛው እየተሻሻለ ነው። አዛውንቶቹም ሰላም ናቸው። ደህና ነኝ።

አክባሪዎ ሰልዋ


ሐርጌሳ
ጥር 15 ቀን 1997 ዓ.ም.

ሰልዋ፣

አላህ ያሳድግሽ፣ አላህ ልብሽን ያስፋው፤ ምርቃቱ ይኸው ነው፤ ዛሬ ለሌላው ትዕግሥት የለኝም።

በስምንት መስመር ደብዳቤ ውስጥ ሦስት ጊዜ ‹ደህና ነኝ› ብለሻል። ደህና የሆነ ሰው አንዴ ይበቃዋል። እኔን ታታልያለሽ? ጨርቅ ቆራጭ ነኝ፣ የተጣጠፈ ነገር የት ላይ እንደታጠፈ አውቃለሁ! የጠየቅኩሽን ጥያቄ አልመለስሽም። መጀመሪያ ስትሄጂ በየደብዳቤው ታስቂኝ ነበር። ይህን ሳነብ ግን አንዴም አልሳቅኩም።

አመመሽ? አስቀየሙሽ? ወይስ ትምህርቱ ከበደሽ? ምንም ይሁን ንገሪኝ፣ አልቆጣም። እሺ፣ እቆጣለሁ፣ ግን ወዲያው ያልፍልኛል።

መቀሱን ተይው። እውነቱን ላኪልኝ።

ዘኪያ


ኩኦፒዮ
የካቲት 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ፣ ለተወደዱ እትዬ ዘኪያ፣

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ የሚቆጣኝም አያሳጣኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ እያለቀስኩ ሳቅኩ። እንግዲህ ልናገር።

አዛውንቶቹን ምንም ብዬ አልጠራቸውም። ይኸው ነው ጉዱ። ስማቸው ከአፌ አይወጣልኝም። ታውኖ የሚባሉ አባት አሉ፣ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እንዴት ብዬ ነው ‹ታውኖ፣ እጅህን አንሳ› የምላቸው? አፌ ይያዛል። ማደሪያ ክፍሌ ውስጥ ማንቆርቆሪያውን ‹ታውኖ› እያልኩ ልምምድ ጀምሬ ነበር። ማንቆርቆሪያውን መጥራት ቀላል ነው።

ስለዚህ ራፖርቲ ስሰጥ ‹በመስኮቱ በኩል ያሉት አባት›፣ ‹ሰማያዊ ሹራብ ያደረጉት እናት› እያልኩ እናገር ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ትዕግሥተኞች ናቸው፤ የማንን ነገር እንደማወራ እየገመቱ ከረሙ። ታዲያ በታኅሣሥ አንድ ሐሙስ ‹በመስኮቱ በኩል ያሉት አባት ሆዳቸውን ስላመማቸው ቀጭን ሾርባ ብቻ ይሰጣቸው› ብዬ ወጣሁ። እኔ ሳላውቅ ለካ ማሞቂያው ተበላሽቶ የሁለቱን አባቶች አልጋ አቀያይረውት ኖሯል!

እትዬ፣ ሐሙስ እዚህ አገር ምን ቀን መሰለዎት? የአተር ሾርባና ፓንኬክ የሚበላበት ቀን ነው። አገሩ በሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ይህንኑ ነው የሚበላው። አዛውንቶቹ ሳምንቱን ሙሉ ይጠብቁታል። ያን ቀን ለጤነኛው ለአባት ታውኖ ቀጭን ሾርባ ቀርቦላቸው፣ ሆዳቸውን የታመሙት ሰውዬ ፓንኬክ ከነማርማላታው ሁለቴ አስጨምረው በሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግርዎትም፤ ነርሶቹ ሲሯሯጡ ዋሉ። አባት ታውኖም በማንኪያቸው ጠረጴዛውን እየደበደቡ ‹ፓንኬኬን ማን ወሰደው?› ሲሉ ቤቱን አናወጡት።

ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ወይዘሮ ራይሊ ጠርተው አስቀመጡኝ። ‹እጅሽ ጥሩ ነው፣ አዛውንቶቹ ይወዱሻል፣ ቋንቋሽ ግን አደገኛ ነው› አሉኝ። በመገምገሚያዬ ላይም ‹የነዋሪዎቹን ስም አታውቅም› ብለው ጻፉ። አላውቅም? የአሥራ አራቱንም ስም ከነትውልድ መንደራቸው አውቃለሁ! ነውር ሆኖብኝ ነው ልላቸው ፈልጌ ነበር፣ ቃላቱም ነበሩኝ። ግን ሰበብ የምደረድር መሰለኝና ተውኩት።

አሁን የቀረኝ አንድ ዕድል ነው። መጋቢት 1 ቀን፣ እሱም ሐሙስ ነው፣ ሁሉም ሠራተኛ ባለበት ብቻዬን ሙሉ ራፖርቲ እሰጣለሁ። ማንኛውም ሰው ስለማን እንደማወራ ሳይጠይቅ መረዳት አለበት። ካልሆነ ልምምዱን ወደቅሁ፣ ዓመቱ ተቃጠለ፣ ትምህርት ቤቱ ከሰረዘኝ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ይሄዳል። እርስዎ ዘንድ የምመለሰው ያለ ዲግሪ ነው ማለት ነው። ፈርቻለሁ እትዬ። ዱዓ ያድርጉልኝ።

ልጅዎ ሰልዋ


ሐርጌሳ፣ ኢንተርኔት ቤት
የካቲት 21 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልዋ፣ በአስቸኳይ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ፍርሃትሽንም አላህ ያንሳልሽ። ይህን የጻፍኩትን ኢንተርኔት ቤት ያለችው ልጅ ‹ስካን› አድርጋ በኢሜልሽ ትልክልኛለች፤ መንገደኛ ብጠብቅ ቀኑ ያልፍብሻል። ልጅቷ አማርኛ ስለማታነብ እንደልቤ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ስለ ፓንኬኩ ሳነብ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። ቀጥሎ ግን ተቆጣሁ። ስም መጥራት አቅቶሽ ነው አገር ለቀሽ የምትመጪው? ኧረ በአላህ!

አሁን ስሚኝ። እኔም እዚህ ስመጣ አፌ ተይዞ ነበር። እዚህ አገር ሰው በቅጽል ስሙ እንደሚጠራ ታውቂያለሽ፤ ቅጽል ስሙ ደግሞ ጉድለቱ ነው። የሚያነክሰውን አንካሳው፣ አንድ ዓይና የሆነውን አንድ ዓይናው ይሉታል፣ እፊቱ፣ እየሳቁ! ዓብዱላሂ የሚባል ግንበኛ አለ፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የመጣው። በጦርነቱ ፍንዳታ አንድ ጆሮውን አጥቷል፤ ከተማው ‹ዓብዱላሂ ዸጎሌ› ይለዋል፣ ደንቆሮው ዓብዱላሂ ማለት ነው። እኔ የደሴ ልጅ፣ ሰውን እፊቱ ደንቆሮ ልበለው? አልሆነልኝም። ‹ወንድም ዓብዱላሂ› አልኩት።

ለአዲሱ ቤቱ አረንጓዴ መጋረጃ አዘዘኝ። እንዴት ያለ መጋረጃ ሰፋሁለት መሰለሽ፣ ባለ ሁለት ሽፋን፣ ከነዘርፉ! ውሃ ለሚያመላልሰው ባለ ጋሪ ሰጠሁትና ‹ለግንበኛው ለዓብዱላሂ ቤት አድርስ› አልኩት። ኮድቡር ሰፈር ውስጥ ስንት ግንበኛ ዓብዱላሂ እንዳለ አስቢው። ሌላ ዓብዱላሂ ቤት ወስዶ ሰቀለው! የዚያኛው ሚስት ባሏ ሳይነግራት የሰጣት ስጦታ መስሏት እልል አለች። ጎረቤት ጠርታ አሳየች። ማን ደፍሮ ያውርድባት? ባልየውም ምስጋናው ጥሞት ዝም አለ።

የኔው ዓብዱላሂ ሱቄ ድረስ መጣ። ‹ዘኪያ፣ እኔ ዸጎሌ ነኝ። ይህን ስም የሰጠኝ ከተማው ነው። ያለሱ ሐርጌሳ ውስጥ ማንም አያገኘኝም። በይው!› አለኝ። አፈርኩ፣ አንገቴን ደፋሁ፣ ቀስ ብዬ አልኩት። ‹አልሰማሁም፣ ጮክ በይ!› አለኝ። ጮህኩ። መንገዱ ሙሉ ሰው በሳቅ ሞተ፣ እሱም ከሁሉ በላይ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዸጎሌ እለዋለሁ፣ ሌላ መጋረጃም ሰፋሁለት።

የገባኝን ልንገርሽ። ሰውየው ራሱ አዝዞኝ ነው ያልኩት። ታላቅ ሰው ‹በስሜ ጥሪኝ› ካለ ትእዛዝ ነው፤ የታላቅን ትእዛዝ መፈጸም ደግሞ የት አገር ነው ነውር የሚሆነው? ስለዚህ ሂጂና ከእያንዳንዳቸው እግር ሥር ቁጭ በይ። ልክ ምርቃት እንደምትለምኚ አድርገሽ ፈቃድ ጠይቂያቸው። ሲፈቅዱልሽ አፍሽ ይፈታል። ከዚያ ራይሊን አትፍሪያት። አየሽ፣ እኔ ወይዘሮ አላልኩም፤ ሰማይ አልተደፋም።

ካለፍሽ በኋላ መቀሱን መላክ ትችያለሽ።

እትዬሽ ዘኪያ


ኩኦፒዮ
መጋቢት 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

እትዬዬ፣ የኔ ዓለም፣

አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! አላህ እርስዎንም፣ ዸጎሌንም፣ ያችን በሰው መጋረጃ የተደሰተችውንም ሴትዮ በደስታ ያኑራችሁ! በቅደም ተከተል ልጻፍልዎ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ከየአልጋቸው ሥር በርከክ እያልኩ ‹በስምዎ ልጠራዎ ይፈቅዱልኛል?› አልኳቸው። መጀመሪያ የታመምኩ መሰላቸው። ሄልቪ የሚባሉት እናት ‹ታዲያ ምን ልትዪኝ ኖሯል? ንግሥት?› ብለው ሳቁ። አንዷ ደግሞ ስሟን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ማንም በቀስታ ጠርቷት አያውቅም፣ ሁሉም እየተጣደፈ ነው የሚጠራት። አዩ፣ እዚህ ላይ ‹አስደገሙኝ› ሳይሆን ‹አስደገመችኝ› አልኩ፣ እሷ ናት አንቺ በይኝ ያለችኝ!

አባት ታውኖ ጋ ስደርስ ኮስተር ብለው አዩኝ። ‹የፓንኬኩ ልጅ አንቺ ነሽ?› አሉ። አዎ አልኳቸው። ‹አገርሽ የኔን ያህል ሽማግሌ ምን ይሉታል?› አሉኝ። ‹አባባ› አልኳቸው፣ ‹አባት ማለት ነው፣ ግን የራስ አባት መሆን የለበትም፣ ታላቅ የሆነ ሁሉ ነው።› አባባ፣ አባባ እያሉ አፋቸው ውስጥ አገላበጡት። ልጅ አልወለዱም፣ ሚስታቸውም ከሞቱ ቆይተዋል። ‹ታውኖ በይኝ› አሉ መጨረሻ ላይ፣ ‹ያኛውንም ግን አትጣይው።›

ሐሙስ ደረሰ። ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለው ክፍል ሁላችንም ተቀመጥን። በሩ መዘጋት ነበረበት፤ ማንም አልዘጋውም። ራይሊ እስክሪብቶዋን አውጥታ ‹ጀምሪ› አለችኝ። ጀመርኩ። ሄልቪ ቁርሷን በላች፣ ጉልበቷን ያማታል። እገሌ ተላጨ፣ እገሊት አልተኛችም። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር እያለ ወረደልኝ። እትዬ፣ የራሴን ድምፅ ስሰማ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ እንደ ውሃ ነበር የሚፈሰው። አሥራ ሦስቱን ጨረስኩ። አንድ ቀረ። ደስታው ይሁን ጥድፊያው እንጃ፣ ‹አባባ ታውኖ ሌሊቱን ደህና አድሯል› ብዬ እርፍ!

ራይሊ እስክሪብቶዋን አነሳች። ‹ያ የመጀመሪያው ቃል ምንድን ነው?› አለች። እትዬ፣ የተማርኩት ፊንላንድኛ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ጥሎኝ ጠፋ። አለቀ፣ ሻንጣዬን ላሰናዳ አልኩ በልቤ።

ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ። አባባ ታውኖ በተሽከርካሪ ወንበራቸው የፓንኬኩን ሽታ ተከትለው በሩ ላይ ደርሰዋል። ‹እኔ ነኝ› አሉ። ‹ታውኖ የሚባል አገሩን ሞልቶታል። አባባ የሚባል እዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው።›

ራይሊ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ‹ሰልዋ ስለማን እንደምታወራ ያልገባው አለ?› አለች። ማንም እጁን አላወጣም። አንዱ ባልደረባዬ ‹ፓንኬኩም ለማን እንደሚሄድ ገብቶናል› አለ። ራይሊ ሳቀች፣ እሷ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጻፈች፦ ‹ራፖርቲው ግልጽ ነው። አልፋለች።›

አለፍኩ እትዬ! በበጋው ዕረፍት እዚያው በደመወዝ እንድሠራም ጠይቀውኛል። ትናንት ጠዋት ስገባ የሌሊት ተረኛዋ ራፖርቲ ስትሰጥ ‹አባባ በደንብ ተኝቷል› ብላ ስትናገር ሰማኋት፣ ማንም ቀና አላለም፣ እንደ ማንኛውም የፊንላንድኛ ቃል አለፈ። እኔ ግን ካፖርቴን እንደለበስኩ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

አሁን ደብዳቤውን መልሼ ሳነበው ራይሊን ያለ ወይዘሮ ጽፌያታለሁ። አልሰርዘውም።

ልጅዎ ሰልዋ


ሐርጌሳ፣ ኮድቡር
መጋቢት 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለነርስ ሰልዋ፣

እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ማሻአላህ! አላህ ክብርሽን ከዚህ በላይ ያብዛው፤ የአባባ ታውኖንም ዕድሜ ይጨምርላቸው፣ ፓንኬካቸውንም አያጉድልባቸው። ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ከፍቼ አንብቤ እልልታዬን ስለቀው፣ ሰርግ መስሏቸው ሴቶቹ ከየቤቱ ወጡ። ዸጎሌ እንኳ ከተሰቀለበት ጣሪያ ላይ ሆኖ ሰማኝ። ‹ምንድን ነው?› ብሎ ሲጮህ፣ እኔም ‹ሰልዋ አለፈች!› ብዬ ጮህኩለት።

ግራ ገባው። ሁሉም ግራ ገባቸው። አንዷ ሴትዮ ‹እሱንማ ነግረሽን የለም እንዴ?› አለችኝ።

ያን የፍርሃት ደብዳቤሽን ያነበብኩ ዕለት ነው የነገርኳቸው። ‹ምን ጻፈች?› ሲሉኝ ‹አለፈች› አልኳቸው፣ ቴምርም አከፋፈልኩ። ምን ላድርግ፣ ስጋትሽን ለሰው አውጥቼ መናገር አልሆነልኝም፤ እንደማትወድቂ ደግሞ አውቅ ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ ኮድቡር ላይ ካለፍሽ ወር ሊሞላሽ ነው። አንቺ ዘንድ ዘግይቶ በመድረሱ አዝናለሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ።

እትዬሽ ዘኪያ